የሰባት ቁጥር ቁልፍ

በስንብቴ ምሳ ላይ አንድ ጉርሻ አለመቅመሴ ብዙ ተወርቶበታል። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ባለው ቢሮአችን ጠረጴዛዎቹን ገጥመው፣ ከሬስቶራንት ምግብ አስመጥተው፣ ስሜን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። የጉዞ ቢሮው ባለቤት አቶ ይልማ ተነስቶ፣ "አሰለፈች የዚህ ድርጅት ዓይን ነበረች። እሷ ያላየችው ክፍል ውስጥ ደንበኛ አስተኝተን አናውቅም" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላም አላነሳሁትም።

የቢሮ ባልደረባዬ ሰናይት ከወዲያኛው ጫፍ ሆና፣ "ምነው እትዬ አሰለፉ፣ ዛሬም ጾም ነው?" አለችኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የጾም ወራትም አልነበረም። ነገሩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ሌሎቹ ደግሞ "ኩራቷ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም" ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ስለ እኔ ሲወራ የኖረውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱም ከእኔ አፍ የወጣ አይደለም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የምፈራው አለቃ የለኝም፤ የምለውን ልበል። አቶ ይልማን በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም። እኩያዬ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥም አንድ ቀን "ወይዘሮ" ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

አንቱ የምላቸው አንድ ሰው ናቸው፤ እትዬ ዘነበች።

ያገኘኋቸው ዴንቨር መሃል ከተማ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። እኔ ክፍል አጽጂ ነበርኩ፣ እሳቸው ደግሞ ያጸዳነውን የሚያዩ ተቆጣጣሪ። አገር ቤት ሳሉ በመንግሥት ሆቴሎች የአልጋ ክፍል ኃላፊ ሆነው ከጅማ እስከ ጎንደር ሠርተዋል። በሁለተኛ ቀኔ ያነጠፍኩትን አልጋ ቆመው አዩና፣ "ጫማሽን አውልቂና ተኚበት" አሉኝ።

"እንዴ እትዬ! ሱፐርቫይዘሯ ብታየኝስ?"

"ሱፐርቫይዘሯ እኔ ነኝ። ተኚ ብያለሁ። ምን ይታይሻል?"

"ጣሪያው።"

"ጣሪያው ላይስ?"

ከመብራቱ ጎን የሸረሪት ድር ነበር። ቆሜ ሁለት ጊዜ አልፌበት አላየሁትም። "እንግዳው ተኝቶ የሚያየውን አንቺ ተኝተሽ ሳታዪ አልጋ አነጠፍኩ እንዳትይ" ብለውኝ ወጡ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ስሠራ ከዚያች ቀን የበለጠ ትምህርት አላገኘሁም። ስፓኒሽም የለመድኩት ከሜክሲኮዎቹ የሥራ ጓደኞቼ ነው፤ ውሃ፣ ቁልፍ፣ አንሶላ፣ ቆሻሻ የሚሉትን ያህል ብቻ።

አቶ ይልማ የጉዞ ቢሮ የከፈተው ለሐበሻ ትኬት ሊሸጥ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ሲገቡ አየር መንገዶቹ ለትኬት ሻጭ የሚሰጡትን ኮሚሽን አቆሙ፤ ሰውም ትኬቱን ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት መግዛት ጀመረ። ያኔ ይልማ ሌላ ዘዴ አመጣ። ዴንቨር ዳር ያለችውን የሊትልተንን ጡረተኛ አስተማሪዎች ሰብስቦ ኢኳዶር ተራሮች ላይ ወዳለችው ኩዌንካ መላክ ጀመረ። ስፔኖች የቆረቆሯት፣ ቤተ ክርስቲያንና የድንጋይ መንገድ የሞላባት አሮጌ ከተማ ናት። አስተማሪዎቹ ደህና ሆቴል ይፈልጋሉ፤ ውድ ሆቴል ግን አይወዱም። ስለዚህ ሆቴል መራጭ አስፈለገው። እትዬ ዘነበችን ቀጠረ፤ እሳቸውም፣ "ሁለት ዓይን አይበቃም" ብለው እኔን ይዘውኝ ገቡ።

ስለ መካከለኛ ዋጋ ሆቴል ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው። ርካሹ ሆቴል አይዋሽም፤ ገና ከበሩ ማንነቱን ይነግርሃል። ውዱ የሚጎድለውን የሚሞላበት ገንዘብ አለው። መካከለኛው ግን የሚኖረው በፊቱ ነው። ያለውን ሁሉ ግቢው ላይ ያፈስሳል፤ አበባው፣ ፏፏቴው፣ የተወለወለው የእንጨት በረንዳ ሁሉም እዚያ ነው። ከኋላ ያለው ክፍል የሚያገኘው ትራፊውን ነው። ኩዌንካ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቤቶቹ ቅርስ ስለሆኑ ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው። መኝታ ክፍሎቹ የተሠሩት መታጠቢያ ቤት ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ባለሆቴሎቹ ሻወሩን ከቁም ሳጥን ቦታ፣ ከደረጃ ሥር፣ ከየጥጉ ያወጡታል። መስኮት የሌለው ክፍል ብዙ ነው። ሌሊቱም ይበርዳል፤ እንግዳው ሁሉ ሙቅ ውሃ ይላል።

እትዬ ዘነበች አንድ ሆቴል ሲገቡ የሚያሳዩዋቸውን ክፍል አያዩም። "መጥፎውን አሳዩኝ" ይላሉ። ባለቤቱ ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። ፍራሹን በእጃቸው ሳይሆን በክርናቸው ይጫኑታል፤ "ሰው የሚተኛው በመዳፉ አይደለም" ይላሉ። ከዚያ ሙቅ ውሃውን ይከፍቱና የክፍሉን በርና መስኮት ዘግተው አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ ይደግማሉ።

"እትዬ፣ ጸሎት ነው ወይስ ሥራ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ሰዓት ስለሌለኝ ነው። ዝም ብለሽ እንፋሎቱን እዪ። በየት ነው የሚወጣው?"

እንፋሎቱ መውጫ ካጣ "ይህ ክፍል አይተነፍስም" ብለው ይሰርዙታል። ያ ሆቴል በጠረጴዛው ላይ ወርቅ ቢያነጥፍም አይመለሱበትም።

ከሁሉ በላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። የክፍሎቹን ቁልፎች ተረክበው፣ ሁሉንም አይተው፣ ቁልፎቹን ለባለቤቱ እጅ በእጅ ሳይመልሱ በዚያ ቤት እህል ውሃ አይቀምሱም። የዚያ አገር ሰው ደግሞ እንደኛ ነው፤ ሳያበላ አይለቅም። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ጾመኛ ነኝ" ይሏቸዋል። እኔ ሲያፍሩ እንኳ አይቼ አላውቅም። "ውሸት እኮ ነው እትዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው" ስላቸው፣ "እስክጨርስ አልበላም፤ ታዲያ ይህ ጾም ካልሆነ ምንድነው? ሰው ካበላሽ በኋላ አፉን ክፈት ልይህ ማለት ያቅትሻል" አሉኝ።

አራት ዓመት አብረን ሄድን። ይልማ ያሳተመው ወረቀት ላይ "በአቶ ይልማ የተመረጡ ሆቴሎች" ተብሎ ወጣ። እኔ ተናደድኩ፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ከቦርሳቸው ሥር አነጠፉት። ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ፣ ጡረታ ወጡ፣ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ይልማ ዘጠኝ ሆቴል በሁለት ቀን አይተሽ ተመለሺ አለኝ። "አራት ቀን ነው የሚፈጀው" ስለው፣ "አንቺማ ልምድ አለሽ፣ ገባ ወጣ ነው" አለኝ። ስፓኒሽ በትምህርት ቤት የተማረችውን ሰናይትን ከእኔ ጋር እንዲልካት ጠየቅኩ፤ እሷም ኮምፒዩተሯ ላይ እንዳለች፣ "እትዬ አሰለፉ፣ እርስዎ እኮ በሁለት ቃል አገር የሚያስተዳድሩ ነዎት" ብላ ሰውን አሳቀችብኝ። ብቻዬን ሄድኩ። ለዓመታት ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት ይህንን ነው፦ ጊዜ አልሰጡኝም፣ ሰው አልሰጡኝም። ሁለቱም እውነት ነው።

ዘጠነኛው ሆቴል የአንዲት ባልቴት ቤት ነበር፤ ዶኛ ኤሎይሳ ይሏታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ስምንት ክፍል አላት፤ ግቢዋ ላይ ብርዱን ለመከላከል አዲስ የመስታወት ጣሪያ አሠርታለች። ቁልፎቹ መግቢያው ላይ በእንጨት ሰሌዳ ተሰቅለዋል። ስድስቱን ክፍሎች አየሁ፤ ደህና ነበሩ። ሰባተኛውን ልጠይቅ ስመለስ ባልቴቷ እጄን ይዛ ወደ ምግብ ክፍሏ አስገባችኝ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል። የድንች ሾርባ በትኩስ አይብ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የተጠበሰ ሥጋ። ወንበር ሳበችልኝ። "ሴኞራ" አለችኝ፣ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ናፕኪኑን ራሷ ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሰው የበላበትን ትሪ ከክፍል በር ላይ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ይልማ ቢሮ ምሳዬን የምበላው የማተሚያው ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው። ወንበር የሳበልኝ ሰው ግን አላስታውስም። "ጾመኛ ነኝ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩትና ተቀመጥኩ።

በልቼ ስጨርስ በጣቶቼ ሰባት ቁጥር ብዬ ምልክት ሰጠኋት። ባልቴቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሰው አለበት አለችኝ። ቀና ብዬ በበሩ በኩል መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየሁ። የሰባት ቁጥር ቁልፍ ከስምንት ጎን ተንጠልጥሏል። እንግዳ ሲወጣ ቁልፉን ትቶ ይሄዳል፤ ያንን ለራሴ ነገርኩት። ግን ሰው ወጥቶ ከሆነ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ይከፈትልኝ ነበር። ያበላችኝን ሴት፣ ሴኞራ ያለችኝን ሴት፣ "ትዋሺኛለሽ" ልላት አልቻልኩም። አመስግኜ፣ ስምንትን አይቼ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለይልማ የማስረክበውን የክፍሎች መቆጣጠሪያ ፎርም ሞላሁ። ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት "ታይቷል" ብዬ ፈረምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሃያ አስተማሪዎች ሄዱ። አስጎብኚው በመጨረሻ ሰዓት ስለቀረ ይልማ እትዬ ዘነበችን ለመናቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። "ዴንቨር ከፍታ ላይ ነው፣ እኛ ተራራ አይበግረንም እያሉ ሁለት ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩትን አስተማሪዎቼን አንድ ጊዜ ልያቸው" ብለው እየሳቁ ሄዱ። ቡድኑ ለሁለት ሆቴል ተከፈለ፤ ሰባቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር ባልቴቷ ቤት ገቡ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች እንደደረሱ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስልክ ደወሉ፤ እኔ አነሳሁ።

"አሰለፉ? በሰላም ገብተናል። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሴትዮዋም ሰው ትመስላለች። ሰባት ቁጥርን እኔ ይዤዋለሁ።"

"ለምን እሱን እትዬ? ሌላ የለም?"

"ከሁሉ ጠባቡ እሱ ነው፤ አስተማሪዎቹን እዚያ ላስተኛ ታዲያ? ገና በሩን ነው የከፈትኩት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ነው፤ መስኮት ግን አላየሁም። አንቺ አይተሽዋል አይደል?"

እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ሰናይት ጀርባዬ ነበረች። ይልማ በሩ ላይ ቆሟል።

"አዎ እትዬ፣ አይቼዋለሁ።"

"ይተነፍሳል?"

"ይተነፍሳል።"

"እንግዲያው ጥሩ። አንቺ ካየሽው እኔ አየሁት ማለት ነው። ጉልበቴ ዛሬ ተሰብሯል፤ ታጥቤ ልተኛ።"

በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ሳይወርዱ ቀሩ። አንዷ አስተማሪ አንኳኳች። መታጠቢያው ደጃፍ ላይ ወድቀው አገኟቸው። ባልቴቷ የውሃ ማሞቂያውን፣ በጋዝ የሚነደውን፣ እዚያችው መስኮት የለሽ ጥግ ውስጥ ሰቅላው ነበር፤ የጭስ ማውጫም አልነበረውም። አገራችን በር ዘግቶ ከሰል ያነደደ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። የጋዙ መርዝ ሽታ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ውሃው ተከፍቶ እንፋሎቱ ቢታይ ግን ሦስት አባታችን ሆይ ሳያልቅ ይታወቅ ነበር።

በሕይወት ተረፉ። ይህን ሰዎች እንደ ማጽናኛ ይነግሩኛል።

ይልማ ከስልኩ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። "ሰባት ቁጥርን አይተሻል?" አለኝ። "አይቻለሁ" አልኩት። ዓይኔን አየና ፎርሙን ከፋይሉ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ስለ ፎርሙ የጠየቀው ሰው ሁሉ "ጠፍቷል" የሚል መልስ አገኘ። ያዳነኝ መስሎት እንደሆነ አላውቅም፤ ያሰረኝ ግን እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አናወራም፤ በስንብቴ ቀን ደግሞ ተነስቶ ያንን ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

ሰናይት ባልቴቷን በስልክ አነጋገረቻት። ባልቴቷም ያቺ ሴኞራ በልታ ሄደች፣ ሰባትን አላየችም አለቻት። ሰናይት ለእኔ ምንም ሳትል ለሰው ተናገረች። ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ደረሰ፦ "በልታ ፈረመች"። ሰናይትን በዚህ ስጠላት ኖሬያለሁ። የተናገረችው ግን እውነት ነው። በእኔ ላይ ስትስቅ የኖረችውን አልረሳላትም፤ ይህንን ግን ከጥፋቷ አውጥቼዋለሁ።

እትዬ ዘነበች ነርስ ከሆነች ልጃቸው ከሄለን ጋር ዴንቨር ዳር ባለችው ሌክውድ ተቀመጡ። መጀመሪያ ደህና መሰሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ትዝታቸው እየተናደ ሄደ። እኔን አያውቁኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ እሄድ ነበር፤ መሃል ከተማ ወርጄ እለውጣለሁ።

አንድ ቀን ሄለን በሩን ስትከፍትልኝ ፊቷ ጠቁሯል። "እትዬ፣ ማሚ ምግብ ሪፊውዝ ካደረገች ሦስት ቀኗ ነው። ጁስ ብቻ ነው የምትወስደው። ሐኪሟ የመመገቢያ ትዩብ ሊያስገባላት ነው።"

እሳቸው ቆመው ነበር። ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ፣ ፍራሹን በክርናቸው ተጫኑ፣ ወጡ። የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈቱ፣ ቆሙ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ወጡ። ምግቡ ወዳለበት ጠረጴዛ መጥተው ባዶ መዳፋቸውን አዩና ሳይቀመጡ ተመለሱ። ሄለን፣ "ኦል ዴይ እንደዚህ ናት" አለችኝ።

ቦርሳዬን ከፈትኩና የራሴን ቤት ቁልፍ አወጣሁ። "እትዬ፣ የክፍሎቹ ቁልፍ ይኸው" አልኳቸው።

ጨበጡት። ሄደው መኝታ ቤቶቹን አዩ። ተመልሰው ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረጉና፣ "የቀረ ክፍል አለ?" አሉኝ።

"የለም እትዬ፣ ሁሉንም አይተዋል።"

"እንግዲህ እንብላ" ብለው ተቀመጡ። በሉ። ሄለን ማድቤቱ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ አበላናቸው። ሄለን በሌሎቹ ቀናት የጋራዡን ቁልፍ ትሰጣቸዋለች፤ ቅዳሜ የእኔን። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ የቀረ ክፍል አለ? ሁልጊዜ እመልሳለሁ፣ የለም እትዬ። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ያንኑ ውሸት ለዚያው ሰው ስንት ጊዜ መናገር እንደሚችል ተምሬያለሁ።

በመጨረሻው ክረምት፣ ሄለን ገበያ በሄደችበት ቅዳሜ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጠየቁኝ።

"የቀረ ክፍል አለ?"

"አለ እትዬ።"

"ስንት ቁጥር?"

"ሰባት። አላየሁትም። በስልክ አይቼዋለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። አብልታኝ ነበር፣ እትዬ። ወንበር ስባልኝ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። አውቀውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ያለውን ሳህን ወደ ጎን ገፉት፤ ቀጥሎም የእኔን ሳህን ከፊቴ ሳቡና ከእሳቸው ጎን አኖሩት።

"እንግዲያው አንበላም" አሉ። "ቁልፉን አምጪ።"

የቤቴ ቁልፍ እዚያው መዳፌ ውስጥ ነበር። እንደ ሌላው ቅዳሜ ብሰጣቸው፣ የሄለንን ጓዳ አይተው ተመልሰው ይበሉ ነበር። የሰባት ቁጥር ቁልፍ ግን አልነበረም፤ አልቻልኩም። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ እኔ ጣቶቼን ጨብጬ፣ ሄለን እስክትመጣ ተቀመጥን።

"ምን ሆናችሁ? ምግቡ ኮልድ ሆኗል እኮ" አለች ገና ከመግባቷ። የጋራዡን ቁልፍ ከመስቀያው አንስታ ሰጠቻቸው። ወዲያው መልሰው ሰጧት፤ ያ አልነበረም የፈለጉት።

ያን ክረምት ሳያልፉት አረፉ።

ስለዚህ ይልማ በስንብቴ ምሳ ላይ ያንን ሲናገር ሳህኑ ፊቴ ነበር፣ ወንበርም ተስቦልኝ ነበር። ሰናይት ዛሬም ጾም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ሰናይት፣ ጾም ነበር። ያላየሁት ክፍል አለ።